ያ ፎቶ ቀይ ባህር አይደለም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው ምኖረው፣ ስራዬ ካሜራ ማን ነው፣ ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ሰው ከጠራኝ ለቅሶም እሄዳለሁ፣ እንግዲህ በዚህ ስራ 16 አመት ሞላኝ። ለጋዜጣ ስፅፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አፃፃፌ ላይ ጉድለት ካለ አርሙልኝ፣ ሀሳቡን ግን እባካችሁ ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

ባለፈው ወር ስለ ባህር በር ሰፋ ያለ ፅሁፍ አውጥታችሁ ነበር። አንብቤዋለሁ፣ የኔ ጉዳይ ክርክሩ አይደለም፣ እሱን ሚያውቁት ይከራከሩበት። የኔ ጉዳይ ከፅሁፉ በላይ ያለው ፎቶ ነው። ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ጥርሱ ወደ ውጪ የወጣ ትልቅ ሻርክ ይታያል፣ ከስሩ ደሞ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ሚዋኝ ጠፍጣፋ አሳ አለ፣ ከፎቶው ስር "ቀይ ባህር" ተብሎ ተፅፏል። ያን ምስል የቀረፅኩት እኔ ነኝ። እኔ ደሞ ቀይ ባህርን በአይኔ አይቼው አላውቅም። ምስሉ በ2015 ዓ.ም ጥር ላይ ዱባይ ሞል ውስጥ ካለው አኳሪየም ፊት ቆሜ ከቀረፅኩት ቪዲዮ ላይ ተቆርጦ የተወሰደ ነው።

በምን አወቅክ ካላችሁኝ፣ ጋዜጣውን አውጡና የፎቶውን ቀኝ ጥግ ከታች በኩል እዩት፣ እንደ ጭስ ብን ያለ ነጭ ነገር አለ፣ የውሃ አረፋ ሚመስል። አረፋ አይደለም፣ የእናቴ ነጠላ ነው፣ መስታወቱ ላይ አርፎ አብሮ የተቀረፀ። ጋዜጣውን ቤት ወስጄ ሳሳያት መነፅሯን አድርጋ ጠጋ አርጋ አየችውና "ውይ ይሄ እኮ እኔ ነኝ" አለች፣ ጥለቱ ባይታይም አጣፋቷን ለየችው።

ብር ፈልጌ አይደለም ምፅፈው፣ ስሜ ይጠራልኝ ብዬም አይደለም። አኳሪየም ውስጥ የተቀረፀ ነገር አኳሪየም ተብሎ ይፃፍ፣ ልመናዬ እሱ ብቻ ነው። ይሄን ያህል ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ግን ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ።

እህቴ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ስትሰራ 9 አመቷ ነው፣ እሷ መምጣት ስላልቻለች ለእናታችንና ለኔ ቲኬት ቆርጣ አስመጣችን፣ 12 ቀን እሷጋ ቆየን። አንድ ቀን እረፍቷ ላይ ዱባይ ሞል ወሰደችን። ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ቆይተን አንዱን ኮሪደር ስንታጠፍ ፊት ለፊታችን ባህር ቆሞ አየን፣ ተኝቶ አይደለም ቆሞ። እናቴ መጀመሪያ ያለችው ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "ይሄ ነገር ቢፈርስስ" ነው። ገንዳው 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል፣ በኛ በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 500,000 ጀሪካን ማለት ነው። የፊቱ መስኮት ወርዱ 32.88 ሜትር ቁመቱ 8.3 ሜትር ነው፣ መስታወት እንበለው እንጂ አክሪሊክ ሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፣ ውፍረቱ 75 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ማለት ነው። ሞሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት አብሮ ነው የተከፈተው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ማየት በነፃ ነው፣ ሚከፈለው በውሃው መሀል ሚያልፈውን 48 ሜትር ዋሻ ለመግባትና ፎቅ ላይ ያሉትን ትናንሽ ገንዳዎች ለማየት ነው።

እኔ ያን ሳይ ትዝ ያለችኝ ልጄ ናት። ያኔ 4ኛ ክፍል ነበረች፣ እሷም የክፍሏ ልጆችም የውሃ ትልቅ ሲባል ሚያውቁት እዚሁ ጅማ ያለውን የቦዬን ውሃ ነው፣ አንዳንዶቹ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በመኪና መስኮት የጊቤን ውሃ አይተዋል። ስለዚ ለነሱ ቀርፄ ልውሰድላቸው ብዬ ካሜራዬን አወጣሁ።

የመጀመሪያ ቀን የቀረፅኩት በሙሉ ተበላሸ። እኔ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሙሽራ ሲገባ መቅረፅ ሚያቅተኝ ሰው አይደለሁም፣ እዛ ግን እጄ ላይ ያለው ካሜራ የሌላ ሰው ካሜራ መሰለኝ። ማታ እህቴ ክፍል ቁጭ ብለን ስናየው ከኋላዬ የነበሩት ሱቆች መብራታቸው በሙሉ መስታወቱ ላይ አለ፣ ሻርኩ ሆድ ላይ የጫማ ሱቅ በርቷል፣ ከጎኑ የእናቴ ነጠላ አብሮት ይሄዳል። አውቶ ፎከሱ፣ ካሜራው በራሱ ምስሉን ሚያጠራበት፣ ደሞ አሳውን ትቶ መስታወቱ ላይ ያለውን የህፃናት ጣት አሻራ እየያዘ ይመለሳል፣ አሳው ይጠፋል አሻራው ቁልጭ ይላል። አንዳንዱ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ምስሉን እያቋረጠ ሽቅብ ይወጣል። ቀለሙ ሁሉ ሰማያዊ ነው፣ ቀይ አሳ እንኳን ግራጫ ሆኖ ነው የወጣው፣ ውሃ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ስለሚውጠው። በሰያፍ ቆሜ የቀረፅኩት ደሞ ጠርዙ ሁሉ ድርብ ድርብ ሆኖ ቀስተ ደመና ይዞ ወጥቷል።

ይሄን ምተርክላችሁ እዚህ ጅማ ካሜራ ይዘው ምን እንቅረፅ ሚሉ ወጣቶች ስላሉ ነው፣ ይጠቅማቸዋል፣ ስለዚ ትንሽ ታገሱኝ። በሁለተኛው እረፍቷ ስንመለስ ያልኳት ጥቁር ነገር ስጪኝ ነው። ጥቁር ሻርፗን ሰጠችኝ፣ እኔም ካሜራውም ውስጡ ገባን፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ድሮ ባለ ሳጥን ካሜራ ፎቶ አንሺዎች ጥቁር ጨርቅ ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው ሲያነሱን ትዝ ይላችኋል፣ ልክ እንደሱ። የሱቆቹ መብራት ጠፋ፣ ውሃው ብቻ ቀረ። ሌንሱ ጫፍ ላይ የጎማ መከለያ ማድረግ ግድ ነው፣ አክሪሊክ እንደ መስታወት ጠንካራ አይደለም፣ ብረት ከነካው ይጫራል፣ አንዴ የተጫረ ደሞ ከኛ በኋላ ሚመጣ ሰው ሁሉ ካሜራ ላይ ይወጣል። ፎከሱን በእጅ አደረግኩት። እዛም እንደኛ ሀገር የመብራቱ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነ ሻተሩን፣ ካሜራው ብርሃን ሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ሳደርገው ጥቁሩ መስመር ጠፋ፣ 1/100ም ይሆናል። ዋይት ባላንሱን፣ ካሜራው ነጩን ነጭ አድርጎ ሚያወጣበትን ማስተካከያ፣ አውቶ ላይ አልተውኩትም፣ ነጭ አሸዋው ላይ አነጣጥሬ አስተካከልኩት፣ ያኔ ቀዩ አሳ ቀይ ሆነ። በሰያፍ መቆሙንም ተውኩት፣ ብርሃን ከውሃ ወደ አክሪሊኩ ከዛም ወደ አየር ሲያልፍ ሁለቴ ይሰበራል፣ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ከቆሙለት ግን ስብራቱ እዚህ ግባ ሚባል አይደለም። ቀጥ ብለን እያየንም ውሃ ነገርን ያቀርባል፣ 4 ሜትር ላይ ያለ አሳ 3 ሜትር ላይ ያለ ነው ሚመስለው፣ ትንሽም ገዘፍ ይላል። ጥበቃው ትራይፖድ አጥፍ ሲለኝ አጠፍኩ፣ መሬት ቁጭ ብዬ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀረፅኩ፣ ከሱ የበለጠ ትራይፖድ የለም።

ብልጭታ ግን አደራ። አጠገቤ አንድ ሰውዬ በስልኩ ደጋግሞ ብልጭ ሲያደርግ ነበር፣ አሳ እንደኛ አይኑን ሚከድንበት ቆብ የለውም፣ ያን ብርሃን ዝም ብሎ ነው ሚቀበለው፣ አንድ ትልቅ ጉሮሮው ሚንቀሳቀስ አሳ ድንጉጥ ብሎ ሲሸሽ አይቼዋለሁ። ለፎቶውም አይጠቅም፣ ብልጭታው መስታወቱ ላይ ነጥሮ ተመልሶ ነጭ እድፍ ነው ሚሆነው። ሰውዬውን ትከሻውን ነካ አድርጌ በምልክት ነገርኩት፣ ገባውና አጠፋው፣ አልተቆጣም።

ከዛ በኋላ የመጣልኝ ምስል ነው እናንተ ጋዜጣ ላይ ያለው። ሳንድ ታይገር ሚባለው ሻርክ ነው። አፉ ተዘግቶ እንኳ ጥርሶቹ ወደ ውጪ ተዘበራርቀው ይታያሉ፣ ለዛ ነው ሰው ሚፈራው፣ ግን ቀስ ብሎ ሄያጅ ነው፣ ሰው ካልነካው አይነካም። አንዱ ወደኔ መጣ፣ ሻርፑ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ አይኑ ትንሽ ነው፣ ቢጫ ነገር ያለበት፣ ቆዳው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለው፣ አለፈኝ ሳይሆን ተንሳፎፎ ቆመ። ይሄ ሻርክ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርስና ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል፣ በዛ ነው ሳይዋኝ ውሃ መሀል ቀጥ ማለት ሚችለው። ከስሩ ያ ጠፍጣፋው አሳ ክንፉን እያውለበለበ ገባ። 40 ሰከንድ ያህል ነው ሁለቱ አብረው የቆዩት። እናቴ ለማየት ከጎኔ ስትጠጋ ሻርፑ ትንሽ ተገለጠና ነጠላዋ በቀኝ በኩል ገባ። ኤዲት ሳደርግ ልቆርጠው እችል ነበር፣ አልቆረጥኩትም፣ እናቴ ናት ደሞም መስታወት እንዳለ ያሳያል ብዬ ተውኩት።

ጅማ ስመለስ ልጄ ትምህርት ቤት ወስጄ በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። 8 ደቂቃ ያህል እንዳየን መብራት ጠፋ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ስለሸፈንነው ክፍሉ ድቅድቅ አለ፣ ልጆቹ አልወጡም፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። "ጋሼ ባህሩ ግድግዳ አለው?" አለኝ አንዱ፣ ድምፁን ብቻ ነው ምሰማው። አዎ አልኩት፣ ይሄኛው አለው፣ ሰው የሰራው ነው፣ እውነተኛው ባህር ግን የለውም። "ታዲያ ሻርኩ ለምን ትናንሾቹን አይበላቸውም?" በሰዓቱ ስለሚመግቡት፣ የጠገበ ሻርክ ብዙም አያሳድድም። "ውሃውን ማን ነው ሚቀይርላቸው?" ቀን ከሌት በማሽን ይጣራል። "መውጣት አያምረውም?" ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም፣ አስተማሪያቸውም ዝም አለች። መብራት ሲመጣ ቀሪውን አየን። እኔ ግን እስከዛሬ ሚታወሰኝ ያ ጨለማው ውስጥ ያለው ነው፣ ገንዳ ነው ስላልኳቸው ቅር አላላቸውም፣ ገንዳ መሆኑን ሲያውቁ ነው ጥያቄው የበዛው። ማን ሰራው፣ በምን ይሞላል፣ እንዴት አይፈርስም፣ እውነተኛው ስንት እጥፍ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያለችውን ነው የጠየቁት።

ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት፣ ርዕሱ ላይ ከዱባይ አኳሪየም ብዬ በግልፅ ፅፌያለሁ። ብዙ ሰው አላየውም። ወደ አመት ገደማ ሲሆን ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ፔጅ ወስዶት አየሁ። ከስር ያለውን የሰው ጭንቅላትና የሱቅ መብራት ክሮፕ አድርገው አውጥተውታል፣ አኳሪየሙጋ የነበሩትን ልጆች ሳቅ አጥፍተው ከበሮ ከተውበታል፣ ላዩ ላይ በትልቁ "ሰው በላው ታላቁ ነጭ ሻርክ በቀይ ባህራችን" ብለው ፅፈዋል። ያ የጎኑ ነጠላ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣላቸውም። ሰው ሼር አድርጎት አድርጎት ስንት ቦታ እንደደረሰ አላህ ነው ሚያውቀው። ለፔጁ ኢንቦክስ አደረግኩ፣ ወንድሞቼ ይሄ ዱባይ ነው፣ ሻርኩም የፃፋችሁት አይደለም፣ ቪዲዮውን ተጠቀሙበት ግን ፅሁፉን አስተካክሉት አልኳቸው። "ውሃ ውሃ ነው ወንድም፣ ማን ያጣራል" ብለው መለሱልኝ፣ ከዛ ብሎክ አደረጉኝ።

ማን እንዳጣራ ልንገራችሁ። ከነዛ ልጆች አንዱ ከእናቱ ጋር ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ሱቄ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀና በል እያልኩት "ጋሼ ያ ቪዲዮ ቀይ ባህር ነው እኮ፣ ተፅፎበታል" አለኝ፣ "ግድግዳ አለው ያሉን ለምንድነው?" አለኝ። ደነገጥኩ። እናቱ ደሞ ተወው ጋሼ ተሳስተው ነው አለችው። ልጁ እንዳልተሳሳትኩ ነው ሚያውቀው፣ እንደዋሸሁት ነው ያሰበው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። የተፃፈ ነገር ከተነገረ ነገር በላይ ይታመናላ፣ እኛው ነን እንደዛ ያስተማርናቸው። ሱቄን ዘግቼ ሙሉውን ቪዲዮ ከፍቼ የእናቴን ነጠላ፣ የሱቆቹን መብራት፣ የጣት አሻራውን አንድ በአንድ አሳየሁት። ገባው። እሱ ግን አንድ ልጅ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ 60 ነበሩ። እናንተ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ደሞ የባሰ ሆነ፣ ጋዜጣ የወጣ ነገር እኛ ሀገር እንደ ማስረጃ ነው ሚያዘው፣ ልጁ ነገ ጋዜጣውን ይዞ ቢመጣ ምን እለዋለሁ?

ነገሩ ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያ ፔጅ ከኔ ቪዲዮ ላይ ፎቅ ላይ በትንሽ ገንዳ የቀረፅኩትን ብርቱካናማ አሳም አስገብቶታል፣ ክላውን ፊሽ ሚሉትን፣ ህፃናት ሁሉ ከካርቱን ሚያውቁት ሦስት ነጭ መቀነት ያለው። ያ አሳ ቀይ ባህር ውስጥ የለም፣ ሀገሩ ከምስራቅ ህንድ ውቅያኖስ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ነው። ቀይ ባህር የራሱ አለው፣ ወደ ቢጫ ሚያደላ፣ ሁለት ነጭ መቀነት ብቻ ያለው። ቀይ ባህር ከ1,000 በላይ የአሳ አይነት ያለው ባህር ነው፣ አንዳንዶቹም ከዛ ውጪ የትም አይገኙም፣ የሰው ሀገር አሳ ተውሶ ሚያስጌጡት ባህር አይደለም። ለባህሩ ፍቅር አለን ካልን የራሱን አሳ እንወቅለት።

ታላቁ ነጭ ሻርክ ያሉትም እንደዛው ነው። ታላቁ ነጭ ሻርክ ገንዳ ውስጥ አይኖርም፣ ስንት ቦታ ተሞክሮ በጥቂት ቀን ሲሞት ኖሯል፣ ካሊፎርኒያ ያለው የሞንትሬይ ቤይ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2004 ያስገባት አንዲት ሴት ሻርክ 198 ቀን ቆይታ ነው ወደ ባህር የተለቀቀችው፣ ያን ያህል የቆየ የለም። ስለዚ መስታወት ውስጥ ሆኖ ፊታችን ላይ ዝግ ብሎ ሚዞር ጥርሳም ሻርክ ስናይ ታላቁ ነጭ እንዳልሆነ በዛው እናውቃለን። እኔ ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ካሜራ ማን ስለሆንኩ አይደለም፣ ልጆቹ ስለጠየቁኝ ፈልጌ ነው።

አኳሪየም ውስጥ መቅረፅ ነውር ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ባህር ስር ገብቶ ለመቅረፅ የዋና ስልጠና፣ ውሃ ሚከላከል ሳጥን፣ ጀልባ ያስፈልጋል፣ ያ ለኔ ቢጤ አይሆንም፣ ትልልቆቹም ቢሆኑ ሁሉን ነገር ዱር ወርደው አይቀርፁም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ ስለ ዋልታ ምድር ባቀረበው ዝግጅት አንዲት የዋልታ ድብ ከአራስ ግልገሎቿ ጋር በረዶ ጉድጓድ ውስጥ ታይታ ነበር፣ ሰው አርክቲክ መስሎት ሲያደንቅ ሆላንድ ሀገር እንስሳት ማቆያ ውስጥ መቀረፁ ተሰማና ትልቅ ወቀሳ አስነሳ። ዱር ውስጥ ካሜራ ብናስገባ ለግልገሎቹም ለሰውም አደጋ ነበረው ብለው አስረዱ፣ እውነት ነው፣ እኔም እዛ ቦታ ብሆን እንደሱ ነበር ምቀርፀው። የጎደለው እዛው ምስሉ ላይ የት እንደተቀረፀ መናገር ነው። አንድ መስመር ፅሁፍ ናት።

እኛም እዚሁ ሞክረነዋል። ባለፈው አመት ከሁለት ረዳቶቼ ጋር መስታወት ቤት ሄደን 60 በ40፣ ጎኑ 15 ሳንቲ ብቻ የሆነ ጠባብ ሳጥን አስቆረጥን፣ በሲሊኮን አጣበቅነው። ጠባብ ያደረግነው አሳው ከሌንሱ እንዳይርቅና ፎከስ ውስጥ እንዲቆይ ነው፣ አሳ ሚያጠኑ ሰዎችም ፎቶ ሚያነሱት በእንደዚ አይነት ሳጥን ነው። ከኋላው ጥቁር ካርቶን አደረግን፣ አሰንዳቦ አልፈን ግልገል ጊቤ ውሃ ዳር ወረድን፣ ግድቡ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ መብራት ሚሰጠን ነው፣ አሳውን ደሞ መንገድ ዳር ተጠብሶ ስንበላው ኖረናል፣ በህይወቱ ቀርበን አይተነው ግን አናውቅም። አሳ አጥማጆቹ እዛው ከወሰዱት ውሃ ሳጥኑን ሞልተው አንድ ቆሮሶ ከተቱልን። ሴት ነበረች። ጉንጯ እንዳበጠ ነበር፣ አጥማጁ "ጉድ አላት ጠብቅ" አለኝ። ትንሽ ቆይታ አፏን ስትከፍት የሰናፍጭ ፍሬ ምታክል ቢጫ እንቁላል ታየችኝ፣ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው ምትፈለፍለው፣ እህልም አትበላ። ካሜራው ይሄን በደንብ ያዘው፣ ልክ እንደዛ ሻርክ ጥርት አድርጎ። ከዛ በላይ ብናቆያት ከጭንቀት ብዛት ትተፋዋለች ስላለኝ 3 ደቂቃ ሳይሞላ መለስናት።

ለልጆቹ ይሄንንም አሳየሁ። ከሻርኩ ያልተናነሰ ጮሁ። ስር ላይ "ጊቤ ውሃ ዳር፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀረፀ" ብዬ ፅፌበታለሁ፣ ሳጥኑንም ይዤላቸው ሄጄ ነበር፣ በእጃቸው ነኩት። ወደፊት አምባዛና ብልጫ ሚባሉትን አሳዎችም እንቀርፃለን፣ አቅም ከተገኘ ጣና ድረስ ሄደን እዛ ብቻ ያሉትን ብልጫዎች የመቅረፅ ሀሳብ አለኝ።

እና አዘጋጆች፣ ምለምናችሁ ይሄን ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ እዛው ገፅ ላይ፣ ትንሽም ትሁን፣ ፎቶው ዱባይ አኳሪየም ውስጥ የተቀረፀ መሆኑንና ሻርኩ ሳንድ ታይገር መሆኑን ፃፉ። ከኢንተርኔት ፎቶ ስታወርዱ ደሞ የት ነው የተቀረፀው ብላችሁ ጠይቁ፣ ካላወቃችሁት ቦታ አትስጡት፣ "የባህር አሳ" ብቻ ብትሉት ማንም አይቀየማችሁም። ያ ልጅ ጋዜጣችሁን ቆርጬ እንድሰጠው ነግሮኛል፣ እርማቱ ሲወጣ ሁለቱንም አብሬ እሰጠዋለሁ።

ማስረጃ ካስፈለጋችሁ ኦሪጅናሉን ቪዲዮ ሳልነካካው በፍላሽ ገልብጬ አዲስ አበባ ሚመጣ የሰፈር ልጅ ቢሯችሁ ያደርስላችኋል። 11ኛው ደቂቃ ላይ አቁሙት፣ እናቴ ወደ መስታወቱ ጠጋ ስትል ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስትመልስ ይታያል፣ ድምፁን ከፍ ካደረጋችሁት ደሞ "አይነካህም አይደል?" ስትለኝ ይሰማል።

ካሜራ ማን፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ
ስሜና ስልኬ እናንተው ጋር ይቆይልኝ